መሬት የሚያንኳኳው ዳምጤ

ጂማ አጠገብ ባለችው የቡ ከተማ «ዳምጤ የት ነው የሚኖረው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሦስት የተለያዩ ቤቶች ይጠቁሟችኋል። «መሬት የሚያንኳኳው» ብላችሁ ከጨመራችሁ ግን የባጃጁ ነጂ ሌላ ሳይጠይቅ ደጁ ያደርሳችኋል።

ዳምጤ ረጅም ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነው። ከዱራሜ አካባቢ የመጣው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ለሦስት ወር ቡና ለቅሞ ሊመለስ ሊሙ ገነት ገባ፤ እነሆ ከመጣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ከዚያ ውስጥ ስምንቱን ዓመት በቡና ችግኝ ጣቢያ ሠርቷል። በኋላ ልያን አግብቶ የቡ መጣ። እዚህ አማርኛውም ኦሮምኛውም እኩል ይቀናዋል፤ ሲቆጣ ብቻ ወደ ከምባትኛ ይመለሳል። ሲቆጣ ያየሁት ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም በራሱ ላይ።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ጂማ ከተማ ውስጥ ሕንፃ የሚያርፍበትን መሬት የሚመረምር አንድ አነስተኛ ድርጅት አለ። ዳምጤ ለዚህ ድርጅት አሥራ አንድ ዓመት በቀን ሠራተኛነት መዶሻ ይዟል። የብረት ሳህን መሬት ላይ ያስቀምጣል፣ ስምንት ኪሎ በሚመዝነው መዶሻ ይመታዋል። ምቱ ሞገድ ሆኖ ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ ከሥር ያለውን ነክቶ ይመለሳል። በአንድ መስመር ላይ የተተከሉ፣ እንደ ካስማ የሾለ እግር ያላቸው ትናንሽ መሣሪያዎች የተመለሰውን ይሰማሉ። ስማቸው ጂኦፎን ነው፤ ሠራተኞቹ ግን «ጆሮ» ይሏቸዋል። ጆሮዎቹ የሰሙትን ኮምፒውተር ይመዘግበዋል።

«መዶሻ መምታት ምን ሙያ አለው?» የሚል አይጠፋም። አለው። አንዱ ምት ከሌላው ከተለየ መዝገቡ ይበላሻል። የድርጅቱ ባለሙያ ኢንጂነር ሳቢሃ አንድ ቀን በፊቴ እንዲህ ብላለች፦ «የጋሽ ዳምጤን አሥር ምት ስጡኝና ሦስተኛውን ከዘጠነኛው ለዪ በሉኝ፤ ወላሂ አልችልም።» እሱ ይህን ሰምቶ አፉን ሸፈነ።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ምቱ ወጥነት አይደለም፤ ባለፈው ግንቦት ስለሆነው ነው።

የየቡ ልጆች በአንድ ክፍል ሰባ፣ ሰማንያ ሆነው ነበር የሚማሩት። ወላጆች ተሰብስበን አዲስ የመማሪያ ብሎክ ለመሥራት ኮሚቴ አቋቋምን። ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም፣ ኦርቶዶክሱም ነበረበት፤ እኔም ከአባላቱ አንዱ ነበርኩ። መሬቱን የሰጡን አባ ጀቤሳ ናቸው። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ጥርሳቸው አልቆ ቀልዳቸው ያላለቀ ሽማግሌ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን፣ ዓምና ቡና የተከሉበትን እርሻቸውን «ውሰዱት፤ ቁፋሮው ሲጀመር ችግኙን ነቅዬ ሌላ ቦታ አዛውረዋለሁ» አሉን።

ሲሰጡን ግን አንድ ነገር አልደበቁም። «አባቴ እዚህ ውስጥ የእህል ቦላ ነበረው» አሉ። በጥንት ጊዜ እህል ከመሬት በታች ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ውስጡ ተለስኖ፣ አፉ በድንጋይና በእንጨት ተዘግቶ ይቀመጥ ነበር። ላዩ አፈር ስለሚለብስ ቦታውን የሚያውቀው አባወራው ብቻ ነው። የአባ ጀቤሳ አባት ደግሞ ሳይናገሩ አረፉ። ሁለት ክረምት ቀደም ብሎ በጎረቤት እርሻ ላይ እንዲህ ያለ የተረሳ ቦላ ተደርምሶ በሬ እስከ ሆዱ ስለዋጠ፣ ነገሩን ችላ ልንለው አልቻልንም። ሁለት ቀን ሙሉ በረጅም ብረት መሬቱን ስንወጋ ዋልን። ቀይ አፈር ብቻ። በመጨረሻ የዳምጤን ድርጅት ጠራን።

ለዳምጤ ይህ ሥራ ከሌላው የተለየ ነበር። የሚሠራው በገዛ ከተማው ነው፤ ልጁ ሐዳሳም የምትማረው እዚያው ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ አቶ ወንድወሰን «የየቡውን ሥራ ያለ እንከን ጨርስ፤ በሰኔ የቋሚ ቅጥር ደብዳቤህን እፈርማለሁ» ብሎት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀው ደብዳቤ ነው። ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገውም ያውቃል። ከሁለት ወር በፊት አንድ የሥራ ባልደረባው ጆሮዎቹን ከተባለው ቦታ ውጭ ተክሎ በመገኘቱ ከሥራ ተሰናብቷል።

በመጀመሪያው ቀን ሳቢሃ ኮሚቴውን ጥላ ሥር ሰብስባ ሥራውን አስረዳችን። የጂማው ሄርማታ ሰፈር ልጅ ናት፤ አባቷ ገበያው አጠገብ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳል። በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ትጨርሳለች።

«እንግዲህ መሬቱን እናንኳኳና ይመልስልናል» አለች።

«በየትኛው ቋንቋ ነው የሚመልስልሽ?» አሉ አባ ጀቤሳ።

«የኡመይር ወፍጮ ካልቆመ በየትኛውም አይመልስም፣ አባ!»

ሁላችንም ሳቅን። ከአጥሩ ማዶ ያለው የኡመይር ወፍጮ መሬቱን ሲያንቀጠቅጠው ይውላል። ጆሮዎቹ የሰው ኮቴ ሳይቀር ስለሚሰሙ ሥራው ዓርብ፣ ኡመይር ለጁምዓ ወፍጮውን ዘግቶ ሲሄድ እንዲሆን ተስማማን። ኡመይርም ከጁምዓ በኋላ እስኪመሽ እንደማይከፍት ቃል ገባ።

«ትልቅ ነገር፣ ሰፊ የዓለት ንጣፍ ለምሳሌ፣ ሞገዱን እንደ መስታወት ነው የሚመልሰው» ብላ ቀጠለች። «ትንሽ ነገር ግን አይመልስም፤ ይበትናል። መኪና የምታጥቡበት ኩሬ ውስጥ የቆመ እንጨት አይታችኋል? ሞገዱ መጥቶ ሲነካው ከእንጨቱ ዙሪያ ሌላ ትንሽ ቀለበት ይነሳል፣ አይደል? እኛ ዲፍራክሽን የምንለው እሱን ነው። የተዘጋ ቦላም መሬት ውስጥ እንዲሁ ያደርጋል። ያ ቀለበት ከላዩ ላለው ጆሮ ቀድሞ ይደርሳል፤ ግራና ቀኝ ላሉት እየዘገየ። ስንስለው የተከፈተ ጃንጥላ ይመስላል። ቦላው ከጃንጥላው ጫፍ ሥር ነው።»

«ታዲያ ምን ያስቸግራል?» አልኳት።

«ድምፁ በጣም ደካማ ነው። ብዙ ጊዜ እንደ ብጥርጣሪ ተቆጥሮ ይጣላል፤ የሚያዘው የትልልቁ ነገር ድምፅ ነው። እኔ ደግሞ ፍሬውን ወዲያ አድርጌ ብጥርጣሪውን ነው የምለቅመው።»

«ዶሮ ነሽ በይኛ!» አሉ አባ ጀቤሳ። እሷም ከሁላችንም በላይ ሳቀች።

ሳቋ ሲበርድ ዋናውን ነገር ተናገረች። «የተበተነውን እያንዳንዷን ድምፅ ወደ መጣችበት መልሼ እሰበስባለሁ። ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ከተስማሙ እዚያ ነገር አለ። ለዚህ ግን እያንዳንዱ ጆሮ የት እንደቆመ በትክክል ማወቅ አለብኝ። አንዱ የት እንደቆመ ከዋሸኝ ሌሎቹንም ያጣላብኛል።»

ዓርብ ሦስት መስመር ዘረጉ። በእያንዳንዱ ላይ አርባ ስምንት ጆሮ፣ በየአንድ ሜትሩ። ሲባጎ ተወጥሮ፣ ሜትር ተዘርግቶ፣ ሁሉም በሥርዓት። ሁለተኛው መስመር በአባ ጀቤሳ ቡና መካከል ያልፋል። ችግኙ ጉልበት አይደርስም፤ ቅጠሉ ያብረቀርቃል። አባ ጀቤሳ በሰላምታቸው መካከል «ቢረገጥም ግድ የለም፤ ሰጥቻለሁ» ብለው ነበር። ዳምጤ እዚያ ላይ ሌሎቹን ሠራተኞች «ይህን ለእኔ ተዉት» ብሎ ራሱ ተከለ፤ ራሱም መታ።

ቅዳሜ ሳቢሃ በመምህራን ክፍል ተቀምጣ መዝገቡን ስትመረምር ዋለች። እኛም ዳምጤም ከጀርባዋ ቆመናል። አንደኛውና ሦስተኛው መስመር ንጹሕ ሆኑ። ሁለተኛው ላይ ደረሰችና ግንባሯን ቋጠረች።

«እዚህ አንድ ነገር ጃንጥላ ሊሆን ይሞክርና ይቀደድብኛል። እንዲስማሙ ባደርጋቸው እምቢ አሉ። ቦላ ቢሆን ኖሮ ይስማሙ ነበር። ሥር ይሆናል፤ ወይ የተበታተነ ድንጋይ።»

«የት ላይ ነው የሚቀደደው?» አለ ዳምጤ።

«ከአሥራ ስምንተኛው ጆሮ እስከ ሃያ ስምንተኛው።»

ዳምጤ ሌላ አልጠየቀም። «ሰኞ ቦላ አልተገኘም ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ» ስትል እኛ አጨበጨብን። ሰኞ አቶ ወንድወሰን ከግንበኞቹ ጋር መጥቶ የመሠረቱ ቁፋሮ ሊጀመር ነው፤ ክረምቱም ደርሷል። ዳምጤ መዶሻውን እንኳ ሳይወለውል ወደ ቤቱ ሄደ።

እሁድ ጸሎት ቤት ከጎኔ ተቀምጦ ነበር። መዝሙር ሲዘመር ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም። በዳምጤ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ስለማላውቅ የታመመ መሰለኝ። የሆነውን በኋላ ከራሱ ሰማሁ።

በሊሙ ችግኝ ጣቢያ ስምንት ዓመት አንድ ሕግ ነበር፦ የቡና ችግኝ ሥር አይረገጥም፤ ሥሩ አጠገብ ምንም አይወጋም። ይህን የጣሰ ሰው የዕለቱን ሥራ አጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ ዳምጤ ቡና መካከል ሲሄድ እግሩ ራሱ ነው መንገድ የሚመርጠው። ያን ዓርብ የሜትሩ ምልክት ችግኝ ሥር ባረፈ ቁጥር ጆሮውን አንድ ክንድ ወደፊት ወይም ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ተክሎታል። የብረት ሳህኑንም እንዲሁ፣ አንዳንዱን አንድ እርምጃ ሙሉ። አሥራ አንድ ጆሮ። መዝገቡ ግን ሁሉም በየሜትሩ እንደቆሙ ይናገራል። ሲያደርገው ስህተት ነው ብሎ አላሰበም፤ አላሰበበትምም። ቁጥሮቹን ከሳቢሃ አፍ ሲሰማ ነው የነቃው።

ከጸሎት በኋላ ለልያ ነገራት።

«ደብዳቤው ሦስት ሳምንት ነው የቀረው» አለች ልያ። «ከዚያ በኋላ ብትነግራቸውስ? ጌታ ልብህን ያያል።»

«ሲሚንቶው ሦስት ሳምንት ይጠብቀኛል?»

ልያን አልወቅሳትም። አሥራ አንድ ዓመት ሥራ ሲኖርና ሲጠፋ ቤቱን ያቆመች እሷ ናት። ጥቂት ቆይታ ንጹሕ ሸሚዙን አውጥታ አልጋው ላይ አስቀመጠችለት። «ከሄድክ እንዲህ ሆነህ አትሂድ» አለችው።

በሚኒባስ ጂማ ገባና ሄርማታ እየጠየቀ የሳቢሃን ቤት አገኘ። ከዚያ ቀን በፊት ደጇን ረግጦ አያውቅም። እናቷ «ግባ፣ ግባ» ቢሉት በር ላይ ቆሞ ቀረ። ሳቢሃ ስትወጣ ሰላምታ እንኳ አላስጨረሳትም።

«ኢንጂነር፣ የዋሹሽ ጆሮዎቹ አይደሉም። እኔ ነኝ።»

«ምን ሆኑ፣ ጋሽ ዳምጤ?»

ነገራት።

«ስንቱን?»

«አሥራ አንዱን። አሥራ ስምንተኛውን ወደ ወፍጮው አንድ ክንድ፤ አሥራ ዘጠነኛውን ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ትንሽ ያንሳል፤ ሃያኛውን…»

«ቆይ፣ ቆይ!» ሮጣ ብዕር አመጣች። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገራት፤ ሳህኑ ያረፈበትንም ጭምር።

«በቃል የተነገረኝን ክንድ ሪፖርት ላይ ልጽፍ አልችልም» አለች በመጨረሻ። «ግን የጆሮዎቹ እግር መሬቱ ላይ ቀዳዳ ይተዋል። ካልዘነበ አሁንም አለ።»

«ዛሬ አልዘነበም።»

«ይህን ለአቶ ወንድወሰን እኔ ብነግረው ይሻላል?»

«የለም። ያደረግኩት እኔ፣ የምናገረውም እኔ።»

ሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁለቱም እርሻው ውስጥ ነበሩ፤ እኔም ዳምጤ ጠርቶኝ ሜትር ያዝኩ። ሰማዩ ጠቁሯል። ዳምጤ ተንበርክኮ ቅጠል እየገለጠ ቀዳዳዎቹን ፈለገ። ጣት የማታክል ቀዳዳ፣ ቀይ አፈር ውስጥ፣ ከእያንዳንዱ ችግኝ አንድ ክንድ ርቃ። አንዷን ስናገኝ ሳቢሃ ትለካለች፣ ትጽፋለች። ሳህኑ ያረፈባቸውም ቦታዎች አራት ማዕዘን ሆነው ተደልድለው ነበር። አሥራ አንዱንም አገኘን። በቃሉ ከነገራት ከአራት ጣት በላይ የራቀ አንድም አልነበረም።

መምህራን ክፍል ገብተን ቁጥሮቹን አስተካከለች። መዝገቡ ያው የዓርቡ መዝገብ ነው፤ አዲስ ምት የለም። የተቀየረው የጆሮዎቹና የሳህኑ ቦታ ብቻ ነው። አንድ ቁልፍ ተጫነችና ጠበቅን። የተቀደደው ጃንጥላ ቀስ እያለ ገጠመ። ከዚያ የተበተነው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ተሰበሰበና ስክሪኑ ላይ አንዲት ብሩህ ነጥብ ቀረች፤ ከሃያ ሦስተኛው ጆሮ ሥር፣ ሦስት ሜትር ያህል ወደ ታች።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሳቢሃ፣ በጣም ቀስ ብላ።

«ጌታ ይመስገን» አለ ዳምጤ።

በንድፉ መሠረት የብሎኩ የምሥራቅ ግድግዳ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነበር።

በሦስት ሰዓት አቶ ወንድወሰን ከግንበኞቹ ጋር ደረሰ። ኮሚቴው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ዳምጤ ኮፍያውን አውልቆ ከመካከል ቆመና ለሳቢሃ የተናገረውን ሳይቀንስ ሳይጨምር ደገመው። አቶ ወንድወሰን ፊቱ ጠቆረ፤ ነገር ግን በመጀመሪያ የጠየቀው «የት ነው የሚቆፈረው?» ብሎ ነው።

ሁለት ሰው በገመድ ታስሮ ቆፈረ። ወገብ ያህል፣ ቀይ አፈር። ቁመት ያህል፣ ቀይ አፈር። ከግንበኞቹ አንዱ «ኮምፒውተሩ ርቦት ይሆናል» ብሎ መቀለድ ጀመረ። ከዚያ አካፋው ድንጋይ መታና ድምፁ ተለወጠ፤ ባዶ እንስራ እንደመታችሁ ዓይነት። ድንጋዩን ሲያነሱት ደረቅ፣ ያረጀ አየር ሽቅብ መጣ። በባትሪ አየነው። ሰው ቆሞ የሚገባበት፣ ግድግዳው የተለሰነ፣ ባዶ ጉድጓድ። ቀልደኛው ግንበኛ ሳይታዘዝ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

አባ ጀቤሳ በሁለት ሰው ተደግፈው ቀርበው አዩ። «የአባቴ ቦላ» አሉ። «ኤዬ፣ አዎ፣ የአባቴ እጅ ነው።» እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ወደ አቶ ወንድወሰን ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ይህን ሰው ልትቀጣው ነው?»

«አባ፣ ስለ ተናገረ አልቀጣውም። ስላደረገው ግን ደንብ አለን። ሌላውን በዚሁ አሰናብቼ እሱን ልሸልመው?»

«ቡናዬን አክብሮ እኮ ነው!»

«ማክበሩን ጽፎ ቢያከብር ኖሮ ቅዳሜውኑ እንጨርስ ነበር።»

«እውነቱን ነው፣ አባ» አለ ዳምጤ። «ማሎ፣ እባክዎ ይተዉት። እውነቱን ነው።»

ሰኔ መጣ፤ ደብዳቤው አልመጣም። አቶ ወንድወሰን አላሰናበተውም፤ ግን አልፈረመም። ዳምጤ እንደ ወትሮው በቀን ሠራተኛነት መዶሻውን ይዞ ክረምቱን ሙሉ ሠራ። አንድም ቀን ሲያጉረመርም አልሰማሁትም። ዘንድሮ ስለ ሞገድ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ እያነበብኩ ያልገባኝን እሱን ስጠይቀው፣ በትዕግሥት ኩሬ ዳር ወስዶ እንጨት ተክሎ ያሳየኛል። የብሎኩ ንድፍ በበኩሉ ተከልሶ አሥራ አራት ሜትር ወደ ምዕራብ ተዛወረ፤ ቦላውም በድንጋይና በአፈር ተሞልቶ ተደለደለ። ሳቢሃ በሪፖርቷ ውስጥ የአሥራ አንዱን ጆሮ ትክክለኛ ቦታ በሰንጠረዥ አስፍራ፣ ከሥሩ «ጠቋሚ፦ አቶ ዳምጤ» ብላ ጽፋለች። እኛ ኮሚቴዎች ቅጂውን ስናነብ ያን መስመር ደጋግመን አነበብነው።

በጥቅምት አቶ ወንድወሰን ዳምጤን ቢሮ አስጠርቶ ወረቀት ሰጠው። ቋሚ ቅጥር። የሥራው መደብ ግን መዶሻ አይደለም፤ «የመስመር ልኬት ተቆጣጣሪ» ይላል። ድርጅቱ በሚሄድበት ሁሉ እያንዳንዱ ጆሮ በእርግጥ የት እንደቆመ አይቶ የሚፈርም ሰው።

«አራት ወር አሰብኩበት» አለው አቶ ወንድወሰን። «ለዚህ ሥራ ሌላ ሰው ብፈልግ አጣሁ።»

ዳምጤ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች፣ ጀርባውንም ጭምር አነበበ። ከዚያ «አንድ ነገር ልጠይቅ?» አለ።

«ጠይቅ።»

«ሐሙስ የአንድ ቀን ፈቃድ እፈልጋለሁ።»

«ገና ቀለሙ ሳይደርቅ?»

«አሥራ አንድ ዓመት ፈቃድ የሚባል ነገር አልነበረኝም። እዚህ ላይ ቋሚ ሠራተኛ ፈቃድ ይጠይቃል ይላል።»

አቶ ወንድወሰን እየሳቀ ፈረመለት። ሐሙስ የብሎኩ መሠረት የሚጣልበት ቀን ነበር። ዳምጤ ልያ የተኮሰችለትን ሸሚዝ ለብሶ ማልዶ መጣ፤ ሸሚዙን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለና በመጀመሪያ የፈቃድ ቀኑ እስኪመሽ ድንጋይ ሲሸከም ዋለ።